ሎሚ የማይጠጣው ውሃ

ጥቅምት 12

ለአክስቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ጤናህ ተሟልቶ፣ ሥራህ ሰምሮ፣ ከሰው ጋር ተስማምተህ ያግኝህ። ፈጣሪ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ አለቃ ይጠብቅህ። እኔን ከመጀመሪያው ጠብቆኛል፤ ሁለተኛውን ግን ረስቶታል።

እናትህ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏን አላመማትም። ትናንት እንኳ ጫማዬን ለምን እንደማልቀይር አንድ ሰዓት ሙሉ ስትመክረኝ ዋለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እኔም አልናፈቅኩት፣ እሱም አልጠራኝ። ያወቅኩትን ያወቅኩት ከችግኙ ነው። ሎሚ ሲጠማና ሲጠግብ ከበር ቆሜ እለያለሁ።

ባለፈው ዓመት አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረልን። ፓምፑ ሲነሳ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። ይሄን ሰውዬ ሠራተኛው ሁሉ ‘ወረቀቱ’ ነው የሚለው። በጽሑፍ ካልመጣለት ፀሐይ መውጣቷንም አያምንም። ጉድጓዱ እዚህ ይቆፈር ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንዙ በጋሪ እናስመጣው የነበረው ውሃ ቀረና ሁሉንም መደብ ከጉድጓዱ ማጠጣት ጀመርን።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሎሚዎቹ ቅጠላቸው ከጫፉ ይቃጠል ጀመር። ከታች ካለው ከአሮጌው ቅጠል ይነሳና ዳር ዳሩን እየበላ ወደ ላይ ይወጣል። አቮካዶዎቹንማ ተዋቸው፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። የሚገርመው አፈሩ እርጥብ ነው። ጣቴን ስከተው ጭቃ ነው። ችግኙ ግን አንገቱን ደፍቷል። ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም የሚሞት ነገር አይተህ ታውቃለህ? እኔ በየቀኑ አያለሁ። ጠዋት ስገባ ደግሞ ችግኞቹ ያሉበት ላስቲክ አፍ ላይ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተነስንሶ አገኛለሁ። ቀመስኩት። ጨው ነው።

ሄጄ ለወረቀቱ ነገርኩት።

“በምን ለካሽው?” አለኝ።

“በምላሴ።”

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። “የምላስሽንማ ርዝመት እናውቃለን፣ ቁጥር አምጪ” አለኝ።

እንግዲህ አንተ ውሃ የሚመረመርበት ቤት ነው የምትሠራው። በጠርሙስ ግማሽ ሊትር ሞልቼ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ‘ከአዲሱ ጉድጓድ’ ብዬ ጽፌበት እናትህ ጋ አስቀምጫለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደናንተ ስትመጣ ከዚያ ትወስደዋለች። መርምርልኝና ውጤቱን ማህተም ባለበት ወረቀት ላክልኝ። ስድስት ሺህ ችግኝ ነው እጄ ላይ ያለው። ዝናቡ ሲገባ ወጥተው መተከል አለባቸው። ካለቁ ‘ገደለቻቸው’ የምባለው እኔ ነኝ፣ ጉድጓዱ አይደለም።

የአጎትህ ልጅ


ኅዳር 25

ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ፣ ድካምሽን በፍሬ ይካስሽ። እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር ምንም አልልም።

ጠርሙሱ በሰላም ደርሷል። አንድ ቀን ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ ቀድሜ ገብቼ መረመርኩልሽ። ደስ የሚል ዜና ነው ያለኝ፤ ውሃው ንጹህ ነው። ለሎሚም፣ ለአቮካዶም፣ ለሚጠባ ልጅም ቢሆን የሚሆን ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

እንግዲህ ሌላ ምክንያት ፈልጊለት። ማዳበሪያ አብዝተሽ ይሆን? ማዳበሪያም እኮ ሲበዛ እንደ ጨው ነው የሚያቃጥለው። በጠራራ ፀሐይም አታጠጪ። አትቀየሚኝ እንጂ እትዬ፣ ምላስ መሣሪያ አይደለም። እዚህ በምላሱ የሚመረምር ሰው ቢያዩ ከበር ነው የሚመልሱት።

እናቴን ስሚልኝ። ጉልበቷን ሐኪም አይቷታል ወይ? ሁሉንም ዘርዝረሽ ጻፊልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 16

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ቤትህ ይሙቅ፣ እጅህም የሚነካው ይባረክ።

ወረቀትህ ደርሷል። ቆንጆ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ወረቀትህን ሲያይ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ወስዶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈውና “ባዳ ቢሆን ጠላቴ ነው ትል ነበር፣ የመሰከረባት የገዛ ዘመዷ ነው” አለ፣ እኔ እየሰማሁ። ዘበኛው እንኳ ስገባ በር እየከፈተልኝ “እንዲህ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ጠላት ምን ይሠራለታል?” አለኝ። ዘበኛው ሰው አያማም ነበር፤ ለኔ ሲል ጀመረ።

ማዳበሪያ ላልከው፣ ማዳበሪያ የገዙልኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። በጠራራ ፀሐይ ላልከው፣ አንተ ገና አፍንጫህን መጥረግ ሳትችል ነው እኔ በማለዳ ማጠጣት የጀመርኩት።

አሁን ስማኝ። ያንተን መልስ ስጠብቅ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በአንድ ቀን የተዘሩ፣ አንድ ቁመት ያላቸው አርባ ሎሚዎች መረጥኩ። ሃያውን ከቆርቆሮው ጣሪያ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ አጠጣሁ፣ ሃያውን የጉድጓዱን። አፈሩ አንድ፣ ጥላው አንድ፣ ማጠጫ ጣሳው አንድ። ስድስት ሳምንት ሞላቸው። የዝናቡን የጠጡት ሃያውም ደህና ናቸው፤ አንድ ስንዝር ጨምረው አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። የጉድጓዱን ከጠጡት ሰባቱ ሞተዋል፤ የቀሩት አንድ ጣት አላደጉም፣ ቅጠላቸውም ደርቆ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ከየወገኑ አንድ አንድ ነቅዬ ሥራቸውን አጠብኩት። የዝናቡ ሥር ነጭ፣ እንደ ጢም የተንዠረገገ ነው። የጉድጓዱ ቡናማ ነው፣ ጫፍ ጫፉን አይጥ የበላው ይመስላል። ሽውሽዌዎቹ ብቻ ናቸው ምንም ያልመሰላቸው። ሽውሽዌ ጨው የሚችል ዛፍ ነው፤ ለመኖር እንደኔ ያለ ሆድ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ፣ ችግኞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። “ጠረጴዛዬን አፈር አደረግሽው” ነው ያለኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሳትሸፋፍን መልስልኝ። ወረቀትህ ላይ ‘ተስማሚ’ የሚል ቃል እንጂ ቁጥር የለም። ማሽን ቁጥር አያወጣም እንዴ? ስንት ነበር? እውነት መርምረኸዋል፣ ወይስ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስተህ አየኸውና ጨረስክ?

የአጎትህ ልጅ


የካቲት 3

ለማከብርሽ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ያለሽበትን ቤት ሰላም አይለየው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤሽ አሳዝኖኛል። መርምሬዋለሁ፤ በእናቴ እምላለሁ መርምሬዋለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው በጠዋት የገባሁት፣ ለአንቺ ብዬ ነው ማንንም ሳላስፈቅድ ማሽኑን የነካሁት፣ ማህተሙንም የመታሁት። ይህን ቢያውቁብኝ ምን እንደሚደርስብኝ አስበሻል? ምስጋና አልጠበቅኩም፣ ስድብ ግን አልጠበቅኩም ነበር።

ቁጥሩን ማወቁ ምንም አይጠቅምሽም፤ ባለሙያ ላልሆነ ሰው ቁጥር ማደናገሪያ ነው። ነገሩን እዚህ ላይ ብንተወው ይሻላል። ለምን ሽውሽዌውን ብቻ አታፈይም?

እናቴ እንዴት ናት? በደብዳቤሽ ስለ እሷ አንድም አልጻፍሽልኝም። ይህን አስተውያለሁ።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 21

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የምጽፍልህን የምትሸከምበት ትከሻ ይስጥህ።

ስለ እናትህ ጠይቀኸኝ ነበር። ልንገርህ።

ያንተን ደብዳቤ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። “ልጅሽ ነው ጉድ የሠራኝ፣ ጨዉን ንጹህ ነው ብሎ ፈረመብኝ” አልኳት። ድስት እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል፣

“ልጄን ተይው! ውሃውማ ጥሩ ነበር። እኔው አይደለሁ የሞላሁት?” አለች።

“ምን አልሽ?”

“ያ ሳሙና እንኳ የማያረፋው ውሃ ለልጄ ሊሄድ? ያን ሁሉ አገር አቋርጦ? ሰው ለልጁ ሲልክ ጥሩውን ነው እንጂ! ደፋሁትና ከበርሜሉ የዝናቡን በንጹህ ጨርቅ አጥልዬ ሞላሁለት። ክዳኑንም እንደነበረ ጠቅልያለሁ።”

“አክስቴ፣ ሊመረምረው እኮ ነው!”

“ሊጠጣው መስሎኝ” አለች። “የቤቱ ውሃ ናፍቆት ያስላከው መስሎኝ።”

መጀመሪያ ሳቅኩ። ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። እሷም ለምን እንደምንስቅ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች። ስነግራት ግን ድስቱን አስቀመጠችው። እጇን እንኳ ሳታደርቅ “ተነሺ፣ ሰውዬው ጋ ውሰጂኝ” አለች። በዚያ ጉልበቷ፣ ዳገቱን ሁለት ጊዜ እየተቀመጠች ወጣችው።

ወረቀቱ ፊት ቆማ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን አትንኳት” አለችው።

“እናቴ፣ ቃልዎን በጽሑፍ ያቅርቡ” አላት።

“እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።”

“እንግዲያው ያጽፉ።”

ውጭ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት። ይዘን ገባን። አገላብጦ አየውና “ይሄ ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው” አለኝ። “ተከሳሽ ለራሱ ምስክር አይጽፍም።” እናትህ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ “ልጄ፣ አንተ ሰው ቆሞ ሲያናግርህ አይሰማህም እንዴ?” አለችው። ፋይሉ ላይ አቀረቀረ። በወረቀት አልጠየቀችውማ።

በማግስቱ ከሥራ ታገድኩ። ደብዳቤው ‘ስድስት ሺህ ችግኝ በቸልተኝነት’ ይላል። ግንቦት ላይ ኮሚቴ ተቀምጦ ያየኛል። ውሃውን እዚሁ አስመርምሪው እንዳትለኝ፤ ላቦራቶሪው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካላመጣሽ አልቀበልም ብሎኛል፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ በገዛ ጉድጓዱ ላይ ይጽፋል? በሬ ቢላ ስሎ ይሰጥሃል?

እንግዲህ በዓለም ላይ ሊያድነኝ የሚችለው አንድ መስመር ነው፣ እሱም ያለው አንተ እጅ ላይ ነው። “የመረመርኩት ውሃ የጉድጓድ ውሃ ሊሆን አይችልም፤ ጠርሙሱ ተቀይሮ ነው” ብለህ ጻፍና ስምህን አስቀምጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደግሞ ንገረኝ። እኔ መሃይሟ ዝናብና ጉድጓድ በምላሴ እለያለሁ። ያንተ ማሽን አልለየውም?

የአጎትህ ልጅ


ሚያዝያ 2

ለማከብርሽ እትዬ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፈው፣ የጠፋውንም ይመልስልሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ለይቶታል። የጨዉ ቁጥር ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ነበር። ለሎሚ አንድ ተኩል ካለፈ ያስጨንቃል፤ ደህና የሚባለው ጉድጓድ እንኳ ግማሽ ምናምን ይላል። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ከመሬት አይወጣም፣ ከሰማይ ነው የሚወርደው። አየሁት፣ ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። አንድ ነገር እንደተበላሸ ያን ጊዜ አውቄያለሁ።

ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ። በስርቆት የነካሁት ማሽን ነው፣ ማንን ልጠይቅ? ደግሞ ጥሩ ዜና ነበር። መጥፎ ዜና ሲሆን ሰው ደጋግሞ ይመረምራል፤ ጥሩ ዜና ማን ይመረምራል? ደስ ይላታል ብዬ ላክሁት። ቁጥሩን ግን እጄ አልጽፍ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የእናቴ ስም ከቢሮ ቢሮ አይዙር። በዚህ እድሜዋ ‘ውሃ የደፋችው’ እየተባለች መጠቋቆሚያ እንድትሆን አልፈልግም። ሁለታችንንም ያዘለችን በአንድ ጀርባ ነው፤ ይህን እንደማትረሺ አውቃለሁ።

የጠየቅሽኝን ጽፌያለሁ። አንቺ ጋ ደርሶ እንደገና የእጅ ጽሑፍሽ ነው እንዳይሉሽ ብዬ በቀጥታ ለኃላፊሽ ልኬዋለሁ። ማንም በማይጎዳበት መንገድ ነው የጻፍኩት። አይዞሽ፣ ነገሩ ያልቃል።

የአክስትሽ ልጅ


ግንቦት 20

ለአክስቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? ፈጣሪ የዘራኸውን ያሳጭድህ። ይህ ምርቃት ይሁን እርግማን፣ የዘራኸውን የምታውቀው አንተ ነህ።

ነገሩ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። እኔ በር አጠገብ፣ እግሩ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ደብዳቤህን ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ዜና አንባቢ ቢሆን ያዋጣው ነበር። “ናሙናውን የላከችው ግለሰብ፣ ለእኔ ባልታወቀ ምክንያት፣ ከተባለው ጉድጓድ ያልተቀዳ ውሃ ልካልኝ እንደነበረ ዘግይቼ ተረድቻለሁ። በእኔ በኩል የተደረገው ምርመራ ግን ትክክለኛ ነው።”

ግለሰብ! በጀርባዬ አዝዬህ ወንዝ ያሻገርኩህ፣ ኩፍኝ ሲይዝህ ራስጌህ የተኛሁ፣ ‘እትዬ’ እያልክ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ሰው፣ እኔ ግለሰብ ነኝ። ለአንተ ባልታወቀ ምክንያት! ምክንያቱን እኮ በገጽ ሙሉ ጽፌልሃለሁ።

ማንም በማይጎዳበት መንገድ ነው የጻፍኩት ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው። አንተ አልተጎዳህም፣ እናትህ አልተጎዳችም። ማንም የተባልኩት እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ከዚያ ውሃው እንደገና ይመርመር አለ። ቁጥር ወጣ፤ አራት ከምናምን። ያን ጊዜ የሁሉም አፍ ተከፈተ። ፓምፑ ቆመ፣ ጋሪው ወደ ወንዝ ተመለሰ። ምላሴ ትክክል ነበረች። ከዚያ ግን ከአምስቱ አንዱ መነጽሩን አውልቆ “ውሃው ጨው መሆኑን እያወቀች ንጹህ ውሃ ልካ መሥሪያ ቤቱን አሳስታለች” አለ። ወረቀቱ ራሱን ነቀነቀ። ጉድጓዱን የፈረመው ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ! እኔም ለመናገር ተነስቼ ነበር። “ጠርሙሱን የቀየረችው...” አልኩና ቆምኩ። አምስቱም ጠበቁኝ። ውሃ የደፋችው ሲሏት ታየኝ። ተቀመጥኩ። አንድ ቀን በሕይወቴ ዝም አልኩ፣ ያቺው አንዷ ቀን ነች ያባረረችኝ።

ደብዳቤው ላይ ‘በማጭበርበር’ ይላል። አስራ ዘጠኝ ዓመት።

ከስድስት ሺው ሎሚና አቮካዶ ዘጠኝ መቶ የሚሆን ተርፏል። በእኔ ቦታ የገባችው ዲፕሎማ ያላት ልጅ ናት፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። ዕቃዬን ስወስድ ተከትላኝ ወጥታ “እነዚህን እንዴት ላድናቸው?” አለችኝ። ልሄድ ነበር። እግሬ ግን ወደ መደቡ ወሰደኝ። “ጠብ ጠብ እያደረግሽ አታጠጪያቸው፣ እንዲያ ሲሆን ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ጨዉን ትተውልሻለች። የላስቲኩን ታች ቀዳዳ አስፊው። የዝናብ ውሃ አብዝተሽ ከላይ ልቀቂበት፣ በታች እስኪፈስ። ጨዉን ወደ ታች እጠቢው። ከዚያ ጥላ ስጪያቸውና አትንኪያቸው” አልኳት። ደብተር አውጥታ ጻፈች። ስሜንም ልትጽፍ ነበር፤ ተይው አልኳት።

አሁን የልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ። ቁልፍ ውሃ አይጠጣም፣ አይሞትብኝም።

እናትህ ደህና ናት። መባረሬን አላወቀችም፤ እረፍት ሰጥተውኝ ነው ብያታለሁ። ልጇ ለኮሚቴው እንደጻፈልኝ ሰምታ ኖሮ፣ የደብዳቤውን ግልባጭ ቦርሳዬ ውስጥ አይታ “አንብቢልኝ” አለችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ወረቀትህን ዘረጋሁ። ያነበብኩላት ግን የጻፍከውን አይደለም፣ መጻፍ የነበረብህን ነው። “ይህች ሴት እህቴ ናት፤ ውሃው ቢቀየር በፍቅር ነው የተቀየረ፤ ቁጥሩን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡ” እያልኩ ከባዶ ቦታው አነበብኩላት። አንድ ቦታ ላይ “እስቲ ድገሚው” አለችኝ፣ ደገምኩት።

ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችህ። ረጅም ምርቃት ነበር፣ ስምህን እየጠራች። አሜን ያልኩልህ እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

የአጎትህ ልጅ